የበሽታ መከላከል አቅማችን የሚጎድለው ምንድን ነው?

ጉንፋን ወደ አንድ ቤት ሲገባ ዝንጅብል ይወቀጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ሎሚና ማር ከትኩስ ሻይ ጋር ይቀርባል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜም ብዙ ሰው ቀድሞ የሮጠው ወደ ነጭ ሽንኩርትና ወደ ሎሚ ነበር፤ አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ ከፋርማሲ የቫይታሚን ሲ ክኒን ገዛ። ከዚህ ልማድ ሥር አንድ እምነት አለ፤ በሽታ ሲመጣ የሆነ ነገር በመውሰድ የሰውነትን የመከላከል አቅም ቶሎ ከፍ ማድረግ ይቻላል የሚል። ባለፉት አርባ ዓመታት የተሰበሰቡት ማስረጃዎች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ይህ አቅም የሚዳከመው የሚያስፈልገው ነገር ሲጎድልበት ነው፤ የሚያገግመውም ጉድለቱ ሲሞላ ነው። በሞላው ላይ መጨመር እምብዛም አይፈይድም። ጉድለቱ የሚሞላውም በታመምንባቸው ጥቂት ቀናት ሳይሆን፣ ጤነኛ ሆነን ስለ ጤናችን በማናስብባቸው ብዙ ተራ ቀናት ነው።

ነገሩ እንዲገባን ከአሠራሩ እንጀምር። የመከላከል አቅማችን በአንድ የሰውነት ክፍል ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ቆዳችን፣ የአፍንጫችንና የአንጀታችን እርጥብ ሽፋን፣ በሳንባ ቧንቧዎች ውስጥ አቧራና ጀርም ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች የመጀመሪያው መከላከያ ናቸው። እነዚህን ያለፈ ጀርም በመቅኔ ውስጥ ከሚፈጠሩት የተለያዩ ነጭ የደም ሴሎች ጋር ይጋፈጣል። ከእነዚህ ሴሎች አንዳንዶቹ ያገኙትን ባዕድ ነገር ወዲያው ይውጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የጀርሙን መልክ አጥንተው ለእሱ ብቻ የሚስማሙ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ፤ ጀርሙ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ እንዲያውቁትም ትውስታውን ይይዛሉ። ጥሩ የግቢ ዘበኛ የሚመሰገነው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡን ከሌባው ለይቶ በማወቁ፣ ጊዜው ሲደርስም ዱላውን በማስቀመጡ ነው። የሰውነታችን መከላከያም የሚለካው በዚሁ ነው። ስለዚህ «አቅሜን ላጠንክር» ብሎ የሚነሳ ሰው ግቡን ገና ከመነሻው ስቷል፤ የሚፈለገው የተመጣጠነ፣ የሚለይና የሚያስታውስ መከላከያ ነው።

ያለ ልክ የበረታ መከላከያ ምን እንደሚያደርስ በአገራችን በሚገባ የሚታወቅ ምሳሌ አለ። ሕፃናትን በሚያጠቃ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የልብን በሮች ይወጋል። ውጤቱ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ነው፤ በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ተራ የሚያስጠብቃቸውም ይኸው ነው። አስም፣ አለርጂ፣ በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታና የመገጣጠሚያ ቁርጥማትም መከላከያው ያለ ቦታው በመቆጣቱ የሚመጡ ናቸው። ኮቪድም ይህንኑ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ከ6000 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት መካከል ዴክሳሜታዞን የተሰጣቸው ሰዎች የሞት መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ዴክሳሜታዞን የመከላከል አቅምን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። በጠና ለታመሙት ሰዎች ሕይወት ያተረፈላቸው መከላከያቸው መጨመሩ ሳይሆን ረገብ ማለቱ ነበር።

አሁን ወደ ቫይታሚን ሲ እንምጣ፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ይጠራልና። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው መጽሐፍ፣ ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል ብሎ ተከራከረ። የሰውየው ዝና ትልቅ ስለነበር ሐሳቡ ዓለምን አዳረሰ፤ እስካሁንም አልጠፋም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ክኒኑን በየቀኑ የሚወስዱ ተራ ሰዎች ከማይወስዱት ባላነሰ ጉንፋን ይዟቸው ተገኘ። የሕመሙ ቀናት በአዋቂዎች በ8 በመቶ ገደማ ያጥራሉ፤ ይህም ለአንድ ሳምንት ሕመም ከግማሽ ቀን ብዙ የማይበልጥ ነው። ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ ክኒን መዋጥ ደግሞ አስተማማኝ ጥቅም አላሳየም። ለየት ያለ ውጤት የታየው እንደ ማራቶን ሯጮች ባሉ፣ ሰውነታቸው ከባድ ጫና በሚበዛበት ሰዎች ላይ ነበር፤ በእነሱ የጉንፋን ዕድል በግማሽ ቀነሰ። ልብ ማለት የሚገባው ይህን ልዩነት ነው። ቫይታሚኑ የረዳው ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ የበለጠበትን ሰው ነው፤ በቂ ያለውን ሰው አልረዳውም።

ጉድለት ባለበት ግን ታሪኩ ፍጹም ይለወጣል። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ በኢንዶኔዥያ አቼ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት በስፋት በሚታይባቸው መንደሮች ለሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ኤ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ውጤት የሕፃናቱ ሞት በ34 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መጠኑን ዝቅ ቢያደርጉትም መሠረተ ሐሳቡን አጽንተውታል፤ በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ጠብታም የዚያ ግኝት ፍሬ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ በሕንድ ጃርካንድ በተባለው ግዛት የቲቢ ሕመምተኞች ካሉባቸው ቤቶች ከ10 ሺህ በላይ የቤተሰብ አባላት ተመረጡ፤ ከፊሎቹ በየወሩ ሩዝ፣ ጥራጥሬና ቫይታሚን ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው ውጤት ምግቡን ባገኙት ቤተሰቦች ውስጥ አዲስ በቲቢ የመያዝ መጠን በ39 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሩዝና ምስር ቲቢን አይገድሉም። ጉድለቱ የተሞላለት ሰውነት ግን የገባበትን ባክቴሪያ ሊይዘው ቻለ። እንደኛ ቲቢም የምግብ እጥረትም አብረው ለሚኖሩበት አገር ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

እንግዲህ በማዕዳችን ላይ መጠየቅ ያለብን «ምን ልጨምርበት?» ሳይሆን «ምን ጎድሎበታል?» የሚለውን ነው። የብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ እንጀራ በአንድ ዓይነት ወጥ ነው፤ ቁርስም ምሳም እራትም። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ጥሩ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው፤ አጠገባቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ቀለም ያለው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ብርቱካናማው ስኳር ድንች በትንሽ ዘይት ሲበስሉ ቫይታሚን ኤን በሚገባ ይሰጣሉ፤ ለሕፃን ደግሞ በየቀኑ አንድ እንቁላል ትልቅ ድጋፍ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ለመራባት ከሚያስፈልጓቸው ማዕድናት አንዱ የሆነው ዚንክ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ቢኖርም፣ አብሮት ያለ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ አይለቀውም። እዚህ ላይ እናቶቻችን ያቆዩልን ጥበብ ያግዛል፤ የእንጀራ ሊጥ በደንብ ሲቦካ፣ ባቄላና ሽምብራም በቆልት ሆነው ሲበቅሉ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ጾምን በተመለከተ፣ ጥራጥሬውና ጎመኑ ከተሟላ ጾም ለጤነኛ አዋቂ የመከላከል አቅም ጠላት አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ አጥቢዎች፣ ሕፃናትና ሕሙማን ግን ጉድለት ቶሎ ስለሚያጠቃቸው፣ የሃይማኖት አባቶችም የሚፈቅዱላቸውን ማረፊያ ያለ ኀፍረት ሊጠቀሙበት ይገባል።

ከምግብ ቀጥሎ በብዛት የሚጎድለን እንቅልፍ ነው፤ ጉድለቱም ስለማይታይ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በአሜሪካ በ164 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ለአንድ ሳምንት ያህል የሰዎቹን እንቅልፍ በእጃቸው ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለኩ፤ ከዚያ በአፍንጫቸው የጉንፋን ቫይረስ ጨመሩባቸው። ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት፣ ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ቫይረሱ ለሁሉም አንድ ነበር። በሌላ ጥናት ደግሞ ለተከታታይ ቀናት በሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ወጣቶች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወስዱ፣ ከአሥር ቀን በኋላ በደማቸው የተገኘው የፀረ እንግዳ አካላት መጠን በሚገባ ከተኙት ከግማሽ በታች ነበር። በኋላ እንቅልፋቸውን ሲያካክሱ ልዩነቱ ጠፋ፤ ጉድለቱ ሲሞላ አቅሙ እንደሚመለስም ይህ ምስክር ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ተደፍቶ ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ ወረፋ የሚነሳ ሰው፣ በቀን የሚወስደው የትኛውም ክኒን ያጣውን እንቅልፍ አይተካለትም።

የሰውነት እንቅስቃሴና የመንፈስ ዕረፍትም በዚሁ ሚዛን ይታያሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1002 አዋቂዎች ላይ ለ12 ሳምንታት ክትትል ሲደረግ፣ በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሱት፣ ጨርሶ ከማይንቀሳቀሱት ወይም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሚንቀሳቀሱት ይልቅ በጉንፋን መሰል ሕመም ያሳለፏቸው ቀናት በ43 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለው ጥናት መንስኤውን በእርግጠኝነት አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ሰው ቀድሞውንም ብዙ ይንቀሳቀሳልና። ግን በእግር መራመድ የደም ዝውውርንና የስኳር መጠንን እንደሚያስተካክል ስለምናውቅ ምክሩ ጉዳት የለውም። ስለ ሰዎች ግንኙነት የተገኘው ግን የበለጠ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ሙከራ የጉንፋን ቫይረስ ከተሰጣቸው 276 ሰዎች መካከል፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባና ማኅበር ያላቸው፣ ማለትም ግንኙነታቸው የበዛና የተለያየ ሰዎች፣ ብዙ ሰው ሲያገኙ ለጀርም ይበልጥ ቢጋለጡም፣ የታመሙት ግን ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። የረጅም ጊዜ ጭንቀት የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን የመከላከያውን ሥርዓት እንደሚያዛባ ይታወቃል። እድሩ፣ ጽዋው፣ የቡና ጉርብትናው በባህልነታቸው ብቻ ሳይሆን በጤናም በኩል የሚጠበቁ ሀብቶች ናቸው፤ በተለይ በባዕድ አገር ለብቻው የሚኖር ወገን ይህን ጉድለት እንደ ምግብ እጥረት ቢቆጥረው አይሳሳትም።

ጉድለትን ከመሙላት ጎን ሸክምን ማቅለልም አለ። መከላከያችን በየቀኑ የሚመጣበትን ጀርም ሁሉ መታገል የለበትም፤ በሩ ላይ ልናስቀርለት እንችላለን። በሳሙና እጅን መታጠብ ተቅማጥን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እንግዳን በማስታጠቢያ ማስታጠብ ባህላችን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሳሙናው ነው፤ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከማዘጋጀት በፊት ደግሞ መታጠቡ ራሱ ይረሳል። የማገዶ ጭስ ቀደም ብለን ያነሳናቸውን የሳንባ ጥቃቅን ፀጉሮች ያደነዝዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ የሚኖር ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ምጣዱን ከመኝታ ቤት መለየት፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ መጠቀም፣ ሕፃኑን በጀርባ አዝሎ እሳት ዳር አለመቀመጥ ከማንኛውም ሽሮፕ ይቀድማሉ። ሲጋራም ከዚሁ ይቆጠራል፤ አልኮል አብዝቶ መጠጣት ደግሞ ለሳንባ ምችና ለቲቢ በር ይከፍታል። ከሁሉ በላይ ግን መስኮታችንን እንድንከፍት እለምናለሁ። ብርድ ይመታናል ብለን የታክሲና የአውቶቡስ መስኮት ዘግተን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ለሰዓታት እንስባለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ በሆስፒታሎች የተደረገ ልኬት መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ ይህም በመሣሪያ ከሚደረገው አየር ማስገባት የበለጠ ነው። ቲቢና ጉንፋን የሚጋቡት በታፈነ አየር ነው፤ ለብርዱ ጋቢ አለን።

ጉድለትን ከመሙላት አልፎ ለመከላከያችን አዲስ ችሎታ የሚጨምርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ክትባት ነው። ክትባት በሽታውን ሳያመጣ የበሽታውን መልክ ያስተምራል፤ ትውስታውም ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ከታየ በኋላ ያ አስፈሪ በሽታ ከምድራችን ጠፍቷል፤ ያጠፋው የትኛውም ምግብ አልነበረም። «ሕፃኑ ታሞ ቢድን ይጠነክራል» ለሚሉ ወላጆች ደግሞ የኩፍኝ ጥናት መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ 77 ሕፃናት ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ ለሌሎች በሽታዎች ካካበቷቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን በኩፍኙ ምክንያት አጥተው ተገኙ። ኩፍኝ ሕፃኑን አያጠነክርም፤ ሰውነቱ የተማረውን ያስረሳዋል። የመጀመሪያው መከላከያ ግን ከክትባትም ይቀድማል፤ ከእናት ጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር ፀረ እንግዳ አካላት የሞሉበት ነው። በአንዳንድ አካባቢ እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ የሚፈሰው ይህ ስጦታ አንድም ጠብታ መባከን የለበትም፤ ሕፃኑም እስከ ስድስት ወር ድረስ ከጡት በቀር ሌላ አያስፈልገውም።

«አያቶቻችን ክትባትም ቫይታሚንም ሳያውቁ በዳማከሴና በጤና አዳም ዘጠና ዓመት ኖረዋል» የሚለው ሙግት ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ሊናቅም አይገባውም። ለዘጠና ዓመት የበቁትን አያቶች እናያለን፤ በጨቅላነታቸው የተቀበሩትን ወንድምና እህቶቻቸውን ግን አናያቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። በዚያ መካከል ዝንጅብልና ዳማከሴ አልጨመሩም፤ የጨመሩት ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ምግብና ንጹሕ ውሃ ናቸው። ይህ ማለት ግን ትኩሱ ሻይ ይጣል ማለት አይደለም። ማር ሳልን ያለሰልሳል፤ ትኩስ ፈሳሽ ጉሮሮን ያረጥባል፤ የእናት እጅ ያፈላው ነገርም ያጽናናል። (ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።) ጥፋቱ ሻዩን መጠጣት አይደለም፤ ሻዩን ጠጥቶ ክትባቱን መተው፣ ትኩሳት የበረታበትን ሕፃን ከጤና ጣቢያ ማስቀረት፣ ወይም ለጉንፋን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን መዋጥ ነው።

ሌላው ሙግት «ንጽሕና ከበዛ መከላከያው ይሰንፋል» የሚል ነው፤ እውነትም አለበት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ በዝቶ እንደሚታይ አሳይተዋል፤ በአፈር፣ በከብትና በተለያዩ ጥቃቅን ነፍሳት መካከል ማደግ መከላከያውን ልክ ሳያስተምረው እንደማይቀር ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ነገር ግን ከአፈርና ከከብት ጋር መለማመድ አንድ ነገር ነው፤ በተበከለ ውሃ ኮሌራን መቅመስ ሌላ ነው። ልጅ በሣር ላይ ይሩጥ፣ በጭቃ ይጫወት፤ ከመብላቱ በፊት ግን እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሁለቱ አይጣሉም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የድህነት ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው የሚያድሩ ሰዎችን «በቂ እንቅልፍ ተኙ»፣ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣለትን ሰፈር «እጃችሁን ታጠቡ»፣ የእንቁላል ዋጋ የራቃትን እናት «ለልጅሽ እንቁላል ስጪ» ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ እንገር ዋጋ የለውም፤ መስኮት መክፈት፣ ሊጥን በደንብ ማቡካት፣ ባቄላን ማብቀል፣ ማታ ስልክን ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ለውድ የቫይታሚን ጠርሙስ የሚወጣው ብር ደግሞ እንቁላልና ጎመን ይገዛል። ሁለተኛውና ትልቁ፣ ተቃውሞው የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የመከላከል አቅም የሚጎዳው በጉድለት ከሆነ፣ ጉድለቱም አብዛኛውን ጊዜ የውሃ፣ የምግብ፣ የቤትና የዕረፍት ከሆነ፣ ጉዳዩ የግለሰብ ጥንቃቄ ብቻ ሊሆን አይችልም። ቧንቧ የሚዘረጋ፣ ለትምህርት ቤት ምሳ በጀት የሚይዝ፣ ጭስ የማያፍን ምድጃ የሚያዳርስ፣ የሠራተኛውን የሌሊት ፈረቃ የሚወስን ሁሉ የሕዝብን በሽታ የመከላከል አቅም በእጁ ይዟል።

ስለዚህ ከወረርሽኝ ዜና ጋር ወደ ገበያ መሮጡ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሰላሙ ጊዜ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል፦ የልጆቹ የክትባት ካርድ ተሟልቷል? በሳምንቱ ውስጥ ጎመን፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ ስንት ቀን ማዕድ ላይ ቀረበ? ማን በቂ አልተኛም? ጭሱ ወዴት ይወጣል? ሳሙናውስ የት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የጎደለውን ያሳያል፤ የጎደለውን ያወቀ ቤተሰብ ደግሞ ገንዘቡንና ጉልበቱን የት ማዋል እንዳለበት ያውቃል። በቤት የማይሞላውን ጉድለት ለይቶ ቀበሌውንና ከተማውን መጠየቅም የዚያው ጤና አጠባበቅ አካል ነው።